ኪሮሽ ለጀማሪ፦ ከሸምቀቆ እስከ መጀመሪያው ዳንቴል

አዳማ፦ የሶፋ መደገፊያ፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛና የጠረጴዛ ልብስ ሆኖ ለረጅም ዘመን የሳሎን ጌጥ የነበረው ነጭ ዳንቴል ዛሬ በብዙ ቤት ታጥፎ ሣጥን ገብቷል። ሙያው ግን አልጠፋም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አሁን በኪሮሽ የሚሠሩት የሕፃናት ጫማ፣ ቦርሳ፣ ኮፍያና የሴቶች ልብስ ናቸው። ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ወጪ አነስተኛ በመሆኑ፣ በቤት ውስጥ ገቢ ለሚሹ ሁሉ መነሻውን ማብራራት ተገቢ ነው።

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ መንጠቆ» ነው። ዳንቴልም ከዚያው ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ «ትንሽ ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ የጠርዙን ጥርስ ጥርስ መልክ ያየ ሰው ስያሜው ከምን እንደመጣ ይገባዋል። በእኛ አነጋገር መሣሪያውም ሥራውም ኪሮሽ ይባላል፤ በቀጭን የጥጥ ክር የተሠራው ደግሞ ዳንቴል ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ ብዙ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱ ካመለጠ ሥራው ወደ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ዓይን ተሠርቶ ሲያልቅ መሣሪያው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዋ ወጡ እንዳያር ብትነሣ፣ ሥራዋን አስቀምጣ ሄዳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እስከ ዛሬም ይህን ሥራ በስፋት የሚተካ ማሽን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀውን የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሰሉ ማዕከላት ልብስን በሺህ ሊያመርቱ ይችላሉ፤ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን የትም ይሠራ የት ከሰው እጅ የወጣ ነው።

የሙያው ታሪክ ከገበሬ ሕይወት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ የድንች በሽታ ማሳውን ሲያወድመው፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ፤ ብዙውም ተሰደደ። ያው በሽታ ዛሬም በሻሸመኔ አካባቢ በክረምት ድንች ለሚያመርቱ ገበሬዎች እንግዳ አይደለም። በዚያ ክፉ ዘመን መነኮሳይያትና በጎ አድራጊ ሴቶች ለድሃ ቤተሰቦች ኪሮሽ አስተማሩ። ማሳ የከዳቸው ቤተሰቦችም የሠሩትን ዳንቴል እየሸጡ እህል ገዙ፤ አንዳንዶችም ለመርከብ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀሙበት። የአየርላንድ ዳንቴል እስከ አሁን በስሙ የሚታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጀማሪ በቀጭን የዳንቴል ክር ባይነሣ ይመረጣል። ቀጭን ክር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ኪሮሽ ይፈልጋል፤ ዓይኑ ስለማይታይም ተማሪውን ቶሎ ያሰለቻል። ይልቁንም ወፈር ያለ የሹራብ ክርና ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪሮሽ ይያዙ። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር መማር በጨለማ መርፌ ከማሾለክ አይለይም። ኪሮሹ ከገበያ ከታጣ ከወይራ እንጨት ተቀርጾ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ሊሠራ ይችላል።

የጥጥ ጉዳይ ለአካባቢያችን ልዩ ትርጉም አለው። የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ አብቃይ ነው፤ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከልም በጥጥ ዝርያ ምርምር ይታወቃል። ሆኖም በእንዝርት የተፈተለ ማግ ለሸማ ድንቅ ቢሆንም ለኪሮሽ እንዳለ አይመችም። አክራሪው ሳስቶ የተፈተለ ስለሆነ መንጠቆው ይሰነጥቀዋል፤ ሲስቡትም ይበጠሳል። እናቶች የፈተሉትን መጠቀም የሚሻ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ክር አንድ ላይ ገምዶ ይሞክር። ፋብሪካ የሚያወጣው የዳንቴል ክር የሚያብረቀርቀውና የሚጠነክረው በኮስቲክ ሶዳ ስለሚታከም ነው፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1844 ያገኘው ጆን ሜርሰር የተባለ እንግሊዛዊ ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ። የክሩን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው፣ ሲስቡት የሚጠብቅ ሸምቀቆ ይሥሩና ኪሮሹን ያስገቡበት። ከልቃቂቱ የሚመጣውን ክር በግራ እጅ አመልካች ጣት ላይ ያሳልፉ፤ የክሩን ውጥረት የሚቆጣጠረው ይህ ጣት ነው። ግራኝ የሆነ ሰው እጁን ይለውጥ። ክሩን በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመው፣ በመንጠቆው ይዘው በሸምቀቆው ውስጥ ይሳቡት። አንድ ሰንሰለት ተሠራ። ይህንኑ ደጋግመው 21 ሰንሰለት ያድርሱ። የጀማሪ ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ ይጠብቃል፤ ኪሮሹ ተመልሶ ካልገባበት ፈትተው ያላሉት።

አሁን ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት ሳይቆጥሩ፣ ከመንጠቆው ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ውስጥ ኪሮሹን ያስገቡ። ክር ጠምጥመው ይሳቡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል። እንደገና ጠምጥመው በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያሳልፉ። ይህ አጭሩ ዓይን ነው። እስከ ሰንሰለቱ ጫፍ ሲደርሱ 20 ዓይን ይቆጥራሉ። ከዚያ አንድ ሰንሰለት ሠርተው ሥራውን ያዙሩና ሁለተኛውን ረድፍ ይጀምሩ፤ እሱም 20 መሆን አለበት። ረጅሙ ዓይን የሚለየው ኪሮሹን ከማስገባትዎ በፊት ክሩን አንድ ጊዜ በመጠምጠም ነው፤ ሦስት ቀለበት ሲሆንልዎ ሁለት ሁለቱን እያሳለፉ በሁለት ጊዜ ይጨርሱታል።

አራት ማዕዘን ለመሥራት አስበው ጫፉ እየጠበበ ሦስት ማዕዘን የሚሆንባቸው ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የረድፉ የመጨረሻ ዓይን ስለሚደበቅ ይዘለላል። መድኃኒቱ በየረድፉ መቁጠር ነው። አሰልቺ ነው፤ ሌላ ዘዴ ግን የለም።

ክብ ሥራን በተመለከተ ሰፌድ የሰፋች ሴት ከማንም ትቀድማለች። ሰፌድም ሆነ ዳንቴል ከመሃል ተነሥቶ በየዙሩ ይሰፋል። በአጭሩ ዓይን የመጀመሪያው ዙር 6 ከሆነ፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 18 ይሁን፤ በየዙሩ ስድስት ዓይን ይጨመራል። በረጅሙ ዓይን ደግሞ 12፣ 24፣ 36 እያለ ይሄዳል። ጭማሪው ካነሰ ሥራው እንደ ሙዳይ ይጎደጉዳል፤ ከበዛም ጠርዙ ይጨማደዳል። ኮፍያ የሚሠራ ሰው እንዲጎደጉድለት ሆን ብሎ መጨመሩን ያቆማል።

የአየር ጠባይም ሊታሰብበት ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ በሆነችው አዳማ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ወፍራም ልብስ የሚፈለገው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ለእሷ የሚስማማው ጥጥ ነው። የሱፍ መሰል ክር ሻልና ኮፍያ ወደ አሰላ ቢወጣ፣ ከፍታዋ 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የተሻለ ፈላጊ ሊያገኝ ይችላል። የኃይል ማመንጫ ያስተከለው የአዳማ ነፋስ ደግሞ ለነጭ ክር ጠላት ነው። ልቃቂቱን ከረጢት ውስጥ አድርጎ ጫፉን ብቻ ማውጣት ከአቧራ ያድናል።

ለገቢ የሚያስቡ ሁሉ ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። ለምሳሌ የአንድ ጠረጴዛ ዳንቴል የ200 ብር ክር ቢፈጅ፣ 15 ሰዓት ቢወስድና በ500 ብር ቢሸጥ፣ የሚተርፈው 300 ብር ነው፤ ለአንድ ሰዓት 20 ብር ማለት ነው። ይህን በአካባቢዎ ከሚከፈለው የቀን ሥራ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። በዚህ ጸሐፊ እምነት ለጀማሪ የሚያዋጣው ትልቅ የአልጋ ልብስ ሳይሆን በአንድ ምሽት የሚያልቅ ትንሽ ነገር ነው፦ የሕፃን ጫማ፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ የነጠላ ጠርዝ። ሳይሸጥ ቢቀር እንኳ የሚባክነው ክር ጥቂት ነው። ለክር መግዣ ብሎ ገና በመማሪያው ወቅት መበደርም አይመከርም። የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ በአንድ ሳምንት ሲወርድ ያየ የመቂ ገበሬ፣ ገበያው ሳይታወቅ ማምረት ምን እንደሚያስከትል ያውቀዋል።

ሥራው ሲያልቅ ክሩን ቆርጠው በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያሳልፉና ያጥብቁ። የተረፈውን ጫፍ በስፌት መርፌ ወደ ዓይኖቹ ውስጥ ጥቂት ርቀት አስገብተው፣ መልሰው በሌላ አቅጣጫ ይሰውሩት፤ ቋጥረው ብቻ ከቆረጡት በመጀመሪያው እጥበት ይወጣል። የጥጥ ዳንቴል በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ፣ ቅርጹ በእጅ ተስተካክሎ ይደርቃል። እንዲቆም ከተፈለገ በስታርች ይነከራል። ስኳር በጥብጦ መንከርም በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጉንዳን በሚበዛበት ቤት ግን ስታርቹ ይሻላል።