ልብስ የለበሰ ስንቅ

በጎጃም ምግብም ልብስ አለው፤ ስሙ አገልግል ነው። ውስጡ ስፌት፣ ላዩ ቆዳ። ክዳንና ማንገቻው ተሟልቶለት ከመንገደኛው ትከሻ ላይ ሲውል ስንቅ መያዣነቱ ቀርቶ ከጋቢው ጋር አብሮ የተለበሰ ይመስላል።

ሥራው ከሜዳ ይጀምራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስንደዶ ይነቀላል፣ ይደርቃል፤ ቀለም የተነከረው አለላ ይባላል። ሰፊዋ አክርማና ስንደዶዋን ይዛ፣ በወስፌ እየበሳች፣ ከመሐል ተነሥታ ዙር በዙር ታሳድገዋለች። መሶብ ቢሆን አለላው ወደ ውጭ ወጥቶ ይታይ ነበር። አገልግል ግን ቆዳ ስለሚደረብለት ጌጡ ወደ ቆዳው ይዞራል፦ ወደ ክሩ መስመር፣ ወደ ጠፍሩ ጉንጉን፣ አንዳንዴም ወደ ዛጎል። ቆዳው ለውበት ብቻ አይደለም። አቧራና ካፊያ ይከላከላል፤ ወጥ የጠጣው እንጀራም ቶሎ አይደርቅም።

ስለዚህ አንድ አገልግል የሁለት ባለሙያ ልጅ ነው። ስፌቷን የሠራችው ሴት ስትመሰገን ኖራለች፤ ቆዳውን ያለፋው ሰው ግን «ፋቂ» እየተባለ ተሰድቧል። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ይህ ያሳዝነኛል። ምግባችንን ያለበሰው እጅ ከገበታችን እንዲርቅ ተደርጎ ኖሯልና።

እዚያው ጎጃም ውስጥ ምግብና ልብስ ሲገናኙ ለማየት ደብረ ኤልያስም ጥሩ ቦታ ናት። በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ደብር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ተምረውባታል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ ለምኖ ያገኛትን ቁራሽ የሚይዝባትን አኮፋዳ አንግቶ ይወጣል። ያለ አኮፋዳ ተማሪ መሆኑን ማን ይለየዋል? ወደ ጓዳ ብንገባ ደግሞ ለወጥ የሚነጠረው ቅቤ ለጋ ሳለ ከአደስ ጋር ተዋሕዶ ሹሩባ ላይ ይወጣል።

በፈረንጅ አገር ይህ የምግብና የልብስ ጋብቻ እንደ አዲስ ግኝት ተወርቶለታል። የልብስ ዲዛይነሯ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ በ1937 እ.ኤ.አ. ከሰዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ጋር ተባብራ ነጭ ቀሚስ ላይ ትልቅ ቀይ ሎብስተር፣ ያንን የሚበላ የባሕር እንስሳ፣ አሳይታለች፤ ቀሚሱ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ድፍረቱ ደስ ይላል። እኛ ግን ለዚህ ጨዋታ ከሩቅ መበደር አያስፈልገንም።

አዲስ አበባ ውስጥ አገልግል ዛሬ ለልደትና ለምርቃት በትእዛዝ ይቀርባል፤ ፎቶም ይነሣል። ለፎቶ አንሺዎች አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የለባሿን ቀሚስ ጥለት ከቆዳው ላይ ካለው ክር ቀለም ጋር አስማሙ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ የዶሮውን ወጥ ቀይ ከቆዳው ቡናማ ጎን አሳዩ። ከፎቶው ሥር የቀሚሱ ሰፊ ስም ሲጻፍ የስፌቷ ባለሙያና የቆዳ ሠራተኛው ስምም አብሮ ይጻፍ።