የጦር ወንጀለኛ በጥይት ነውን ወይስ በዳኛ ፊት?

ቀድሞ በአገራችን የተበደለ ሰው በዳዩን በመንገድ ባገኘው ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው ነበር። ከዚያም ሁለቱ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፥ ቁራኛ ሆነው፥ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር።

ውድ አንባብያን፥ ይህን ማንሣታችን ዛሬ ኃያላን መንግሥታት የጦር ወንጀለኛ ያሉትን ሰው ሰው አልባ አውሮፕላን ልከው፥ ዳኛ ሳያየው መግደልን ስላዘወተሩ ነው። በጦር ሜዳ መሣሪያ አንሥቶ ስለሚዋጋው አይደለም ነገራችን። «የገደለ ይገደል እንጂ ምን ክርክር ያሻዋል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን በገዛ ቁስላችን እንመልስላቸዋለን።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። እርሱ ቆስሎ ዳነ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ሦስት ቀን ታረደ። በግንቦትም በትእዛዙ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ 297 መነኮሳት መገደላቸውንም ራሱ ለሮማ በቴሌግራም አስታወቀ። ሁለቱን ጐበዛዝት አንወቅስም። አቡነ ጴጥሮስን በ1928 ዓ.ም. በሞት የቀጣ የጠላት ችሎት በተሰየመበት አገር፥ አቤት የሚሉት ወደ ማን ነበር?

የሚያንገበግበን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ኢትዮጵያ ከከሰሰቻቸው ኢጣልያውያን በርካቶቹ፥ ግራዚያኒም ጭምር፥ የሚያስከስስ ነገር እንዳለባቸው ተቀብሎ ነበር፤ ለፍርድ ግን አንዱም አልተሰጠንም። በ1942 ዓ.ም. የገዛ አገሩ ችሎት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ይኸውም ከጀርመን ጋር ስለ ማበሩ እንጂ ስለ እኛ ደም አልነበረም። በጥቂት ወራት ተፈታ፤ በ1947 ዓ.ም. ነጻ ሰው ሆኖ ሞተ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣልያ ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠራለት! ከእስር ሲወጣ አንዱ ተኩሶ ቢጥለው ኖሮ ሕንፃው ይቀር ነበርን? ይልቁን ሰማዕታችን ነው ባሉት ነበር።

የእስራኤል ሰዎች አይኽማንን በ1952 ዓ.ም. አርጀንቲና ውስጥ ሲያገኙት በዚያው በመንገድ ሊገድሉት ይችሉ ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዱት እንጂ። (ከሰው አገር ሰርቆ መውሰዱ አርጀንቲናን አስቈጥቷል፤ ቍጣዋም ያለ ምክንያት አልነበረም።) በ1953 ዓ.ም. ከ100 የሚበልጡ ምስክሮች እያንዳንዳቸው ያዩትን ሲናገሩ፥ እርሱ በመስተዋት ክፍል ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። የተሰቀለው ከዚያ በኋላ፥ በ1954 ዓ.ም. ነው።

ከደብረ ሊባኖስ እልቂት የተረፉት ግን በግራዚያኒ ፊት ቆመው ያዩትን የሚናገሩበት አንዲት ቀን አላገኙም።