የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ለምን ለሴቶች?

በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት እንዲወስዱ የሚጠሩት አዋቂዎች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች ናቸው። ወንዶች አይጠሩም። መርፌው ለምን ለሴቶች ብቻ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ተገቢ ጥያቄ ሲሆን፣ በቂ መልስ ካላገኘ ቦታውን አሉባልታ ይይዘዋል።

በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነው ለዚህ አስረጂ ነው። የአገሪቱ የካቶሊክ ጳጳሳት ክትባቱ ሴቶችን የሚያመክን ሆርሞን አለበት በማለት ዘመቻውን የተቃወሙ ሲሆን፣ የአገሪቱ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አስተባብለዋል። ተመሳሳይ ወሬ በ1990ዎቹ በፊሊፒንስና በሜክሲኮም ተናፍሶ ነበር። ለጥርጣሬው ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው የሴቶች ብቻ መመረጥና የመርፌው መደጋገም ነበር።

መልሱ የሚገኘው ከበሽታው ጠባይ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋሲ በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ይኖራል። እትብት ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ሲቆረጥ፣ ወይም በቁስሉ ላይ ቅቤ አለያም እበት ሲደረግ ወደ ጨቅላው ሰውነት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በደንብ ሲጠባ የነበረው ሕፃን ከሦስተኛው እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መጥባት ያቆማል፤ መንጋጋው ይገጥማል፤ ሰውነቱም ይንዘፈዘፋል። ሕክምና ያላገኘ ጨቅላ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ሕፃኑ የራሱን ክትባት የሚጀምረው በስድስተኛው ሳምንት በመሆኑ፣ እስከዚያው የሚጠብቀው ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚደርሰው የመከላከል አቅም ብቻ ነው። የአባት መከተብ አባትየውን እንጂ ልጁን አይጠብቅም። ክትባቱ የሚያመክን ቢሆን ኖሮ፣ መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለወንድም ለሴትም ሕፃናት እኩል ባልተሰጠ ነበር። ይህ ነጥብ በየስብሰባው መነገር ሲገባው ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በልጅነቷ ያልተከተበች ሴት አምስት ጊዜ መውሰድ ይኖርባታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ስድስት ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ አንዳንድ ዓመት ቆይተው ይሰጣሉ። በድምሩ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሚወስድ በመሆኑ መሐል ላይ ማቋረጥ ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በሠለጠነ ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙት እናቶች 62 በመቶ ሲሆኑ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ከመንጋጋ ቆልፍ የተጠበቀላቸው ግን 49 በመቶ ነበሩ። በጤና ተቋም የወለዱት ደግሞ 26 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለሆነም ክፍተቱን በርቀት ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ ከባለሙያ ፊት የደረሰችው እናትም ሁልጊዜ ተጠብቃ አልተመለሰችም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አገልግሎቱን ወደ ቀበሌ አቅርቦታል። ሆኖም አንድ ልብ ያልተባለ ጉዳይ አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትንና የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ የምትሰጠው አንዲት ሠራተኛ ስትሆን፣ በመንደሩ አነጋገር ሁለቱም «መርፌ» ናቸው። ባልና አማት መርፌ መወጋቷን እንጂ የትኛውን እንደሆነ ባይለዩ አያስደንቅም። የቀበሌና የወረዳ አመራሮች ሴቶችን ለክትባት ሲጠሩ ባሎችንም ጠርተው የሁለቱን ልዩነት በግልጽ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ያመነታችን እናት በኋላ ቀርነት መፈረጅ ግን ጥያቄዋን ከመደበቅ በስተቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። ይህም ማለት በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት የሚታመመው ከአንድ በታች ሆኗል ማለት እንጂ በሽታው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ተህዋሲው ከአፈር ስለማይጠፋ፣ ዘንድሮ 15 ዓመት የሞላት ልጃገረድም ያንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ ጤና ኬላው ትመጣለች።