ሃርድ ዲስክ በሊኑክስ ቤት

ከአዳማ ተነሥተው በሞጆ፥ በመቂና በዝዋይ አድርገው እስከ ሻሸመኔ ቢወርዱ፥ ጽሑፍ የሚታተምበትና ፎቶ ኮፒ የሚነሣበት ሱቅ በየከተማው ያገኛሉ። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍና የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ሆኖ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ከዚያም ይዞት የሚመለሰው ቫይረስ ፎልደሩን ሰውሮ በምትኩ «ሾርትከት» ያስቀምጣል። ባለቤቱም የዓመት ድካሙ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል።

ለዚህ ችግር አንዱ መድኃኒት ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ፊንላንዳዊ ተማሪ በ1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ይህ ሥራ ዋጋ አይከፈልበትም፤ አሠራሩም ከማንም ያልተሸሸገ ስለ ሆነ የፈለገ ሰው መርምሮ ያሻሽለዋል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ እንደ ልቡ አይሠራም፤ የተሰወረውም ፎልደር እዚያ ሲከፈት ይታያል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ሞተ ማለት አይደለም። ስለዚህ ጽሑፍዎን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው፥ መከፈቱንም አረጋግጠው ዲስኩን ፎርማት ያድርጉት።

ፎርማት ሲባል ግን ማስተዋል ያሻል። ፋት32 የተባለው በየኮምፒዩተሩ ይነበባል፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኢኤክስቲ4 ለሊኑክስ እጅግ ይስማማል፤ ዊንዶውስ ግን በራሱ አያነበውም፤ እንዲያውም «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያስብ እሺ ያለ ሰው ጉድ ሆነ! በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ ዲስክ የሚሻለው ኤክስፋት ነው፤ ሊኑክስም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፥ 5.4 ከተባለው እትም ጀምሮ፥ በራሱ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ችኮላ ነው። ኮምፒዩተሩ መገልበጡን የጨረሰ ቢመስልም፥ ገና ያልተጻፈውን በሜሞሪው ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ዲስኩ ያወርዳል። ባጃጅ እንዳያመልጠው ገመዱን መንጭቆ የሚነቅል ሰው፥ ቤቱ ሲደርስ ግማሽ ጽሑፍ ይዞ ይገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን? «ኢጀክት» ብለው ዲስኩ እስኪሰናበት መታገሥ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።

መብራትም ቢሆን የሚታመን አይደለም። በአዳማ ኮረብታ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሲዞሩ እያየን እንኳ መብራት ድንገት ሊሄድ ይችላል። ኢኤክስቲ4 ሊጽፍ ያሰበውን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ፥ ሥራው ቢቋረጥ ከመዝገቡ አይቶ የዲስኩን ሥርዓት ያቃናል፤ ኤክስፋት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው፥ ከሱቅ ሱቅ የሚዞረው ዲስክ ኤክስፋት፥ ከቤት የማይወጣው ደግሞ ኢኤክስቲ4 ይሁን፤ ጽሑፍዎም በሁለቱም ላይ ይቀመጥ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጽሑፍ፥ ዛሬ በእጅዎ ቢሆንም፥ ነገ የእርስዎ ስለ መሆኑ ማረጋገጫ የለም።