ያልተመዘገበ የሥራ አደጋ ማንን ያከስራል?

በሕንፃ ግንባታ ላይ የሚደርስ አደጋ በብዙ ሁኔታ ከአሠሪው መዝገብ በፊት በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ካርዱ ላይ "የእጅ ስብራት" ተብሎ ብቻ ከተጻፈና ጉዳቱ የት እንደደረሰ ካልተጠየቀ ግን በሕግ የሥራ አደጋ የሆነው ነገር ተራ ስብራት ሆኖ ይቀራል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለተጎጂው የመጀመሪያ ዕርዳታ እንዲሰጥ፣ በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ተቋም እንዲያደርስና አደጋውን ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በስተቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። በጡረታ ዐቅድ ላልታቀፈና ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ለተሳነው ሠራተኛ የሚከፈለው ካሣ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር ብር 4,000 ለሚያገኝ ሠራተኛ ይህ ብር 240,000 ይሆናል።

ዝምታው የሚመነጨውም ከዚሁ ሒሳብ ነው። ሥራው ከዋና ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያም ወደ ፎርማን ሲወርድ የቀን ሠራተኛው የማን ተቀጣሪ እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ይጠፋል። ሠራተኛውም እንጀራው እንዳይቋረጥበት "ቤት ወድቄ ነው" ይላል። የሕክምናው ወጪ ይሸፈንለትና ጥቂት ብር ተጨምሮለት ይሸኛል።

አሠሪው ያተረፈ ቢመስለውም ጉዳቱ ዞሮ ይመጣበታል። የሠራተኞች ጉዳት ካሣ መድን የገባ ድርጅት አደጋውን በጊዜው ካላሳወቀና የሕክምና ማስረጃ ካላቀረበ፣ ዐረቦን እየከፈለ ካሣውን ሊያጣ ይችላል። መድን ሰጪውም የየድርጅቱን የአደጋ ታሪክ ካላወቀ ጥንቁቁንና ግዴለሹን በአንድ ዋጋ ያስተናግዳል። የግዴለሹን ዕዳ ጥንቁቁ ይከፍላል ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዓለም በየዓመቱ 330,000 ያህል ሰዎች በሥራ ላይ አደጋ ሲሞቱ 395 ሚሊዮን የሚሆኑት ለሞት የማያደርስ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ለአንድ ሞት ወደ 1,200 የሚጠጋ ጉዳት አለ። ሞት ተመዝግቦበት የጉዳቱ ቁጥር በጣት የሚቆጠር መዝገብ እንግዲህ ብዙ ነገር ጎድሎታል።

ጉድለቱን በትንሽ ወጪ ሊሞላ የሚችለው ጤና ጣቢያው ነው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ "ሥራህ ምንድን ነው? የት ተጎዳህ? ምን ስትሠራ?" ብለው መልሱን ከዕለቱና ከሰዓቱ ጋር ቢጽፉ፣ ኋላ የአካል ጉዳቱን መጠን ለሚወስነው የሕክምና ቦርድ፣ ለመድን ሰጪውና ለፍርድ ቤት የሚያገለግል የመጀመሪያ ማስረጃ ይኖራል። ጥያቄው የሲሚንቶና የጥጥ ብናኝ ለሚያስለው ሠራተኛም ይጠቅማል፤ ሳሉ እንደ ጉንፋን ታክሞ አይታለፍም።

ለባለሀብቱም መንገዱ ያው ነው፦ ሠራተኛውን ወደ ክሊኒክ ሲልክ አደጋው የደረሰበትን ቦታና ሁኔታ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አብሮ መላክ፣ ቅጂውንም በፋይል ማኖር። ነገ ክርክር ቢነሳ ከአንድ ወረቀት የረከሰ ጠበቃ አይገኝም።