ዲፈረንሻሉ መጣ፤ አእምሮው ግን ቀረ

ሲያትል ውስጥ አሮጌ ቶዮታ ይዞ በክረምት ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፦ ፎር ዊል ድራይቭ ማለት አራቱም ጎማ እኩል ይገፋል ማለት አይደለም። ከከተማው በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በስኖኳልሚ ዙሪያ ባሉት የደን መንገዶች ላይ አንዱ የኋላ ጎማ በረዶ ከረገጠ እሱ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የያዘው ጓደኛው ደግሞ ቆሞ ያያል። አገር ቤት ጭቃ ውስጥ መኪና የገፋ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ምክንያቱ ዲፈረንሻል ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ዲፈረንሻሉ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ችግሩ፣ አንዱ ጎማ መያዣ ሲያጣ ሌላውም ከዚያ የበለጠ ጉልበት አያገኝም። ሎከር የሚባለው መፍትሔ ሁለቱን አክስሎች እንደ አንድ ዘንግ ያስራቸዋል።

በዛሬው ጽሑፍ ከወዳደቀ መኪና የተፈታ የኤሌክትሪክ ሎከር አሮጌ መኪና ላይ እንዴት እንደሚገጠም እናያለን። ትኩረታችን ብሎኑ ላይ ሳይሆን ሽቦውና ኮዱ ላይ ነው።

ከጀንክ ያርድ ምን ይዞ መውጣት ይገባል?

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንዳለ ሁሉ፣ በሲያትል ዙሪያም መፍቻ ይዞ ገብቶ ራስ የሚፈታባቸው ጀንክ ያርዶች አሉ። የሚፈለጉት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 የተሠሩ ሎከር ያላቸው ፎርረነሮችና ከ1998 እስከ 2004 የተሠሩ ታኮማ ቲ.አር.ዲ. ኦፍ ሮድ ናቸው። ታኮማ የሚለው ስም ራሱ ከዚሁ አካባቢ የመጣ ነው፤ የሬኒየር ተራራ ነባር መጠሪያ ነው።

ሎከር ያለው መኪና ከሥር ሲታይ ዲፈረንሻሉ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ተለጥፎበታል። የብሎኖቹ አቀማመጥ ሎከር ከሌለው አክስል ስለሚለይ፣ ብዙዎች አክስሉን በሙሉ ይወስዳሉ። የጥርሱ ሬሾ (4.10፣ 4.30፣ 4.56) ከፊተኛው አክስል ጋር አንድ መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። ሶኬቶቹን ከነሽቧቸው ቁረጡ፤ ማዞሪያ ስዊቹንና ሎከሩን የሚያዝዘውን ትንሽ ኮምፒውተር ካገኛችሁም አትተዉ።

ብዙውን ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ አይገኝም። ብረቱ ይመጣል፣ አእምሮው ይቀራል።

ያ ኮምፒውተር ምን ይሠራ ነበር?

መቆለፉ ከባድ አይደለም፤ ሞተሩን 12 ቮልት ስትሰጡት ይዞራል። የፋብሪካው ኮምፒውተር ትልቁ ሥራ እምቢ ማለት ነበር። መኪናው በፎር ሎው ካልሆነ፣ ወይም ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ አይቆልፍም። ሞተሩ መጨረሻ ቦታ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። መብራቱንም ጥርሱ እስኪገባ ድረስ ብልጭ ድርግም ያደርገዋል።

እነዚህ እምቢታዎች ለጌጥ አልተቀመጡም። የተቆለፈ የኋላ አክስል በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናውን አልታጠፍ ያሰኘዋል፤ አክስሉንም ያስጨንቃል። በረዷማ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ሊንሸራተቱና መኪናውን ወደ ጎን ሊያወጡት ይችላሉ። አንዳንድ ሎከሮች፣ ለምሳሌ በማግኔት የሚሠራው የኢተን ምርት፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሳቸው ይከፈታሉ። የቶዮታው በሞተር የሚገፋ ስለሆነ ሽቦ ቢበጠስ በነበረበት ይቆያል፤ ተቆልፎ ከነበረ ተቆልፎ ይቀራል።

ሽቦው

ሞተሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መዞር አለበት። ለዚህ ባለ አምስት እግር የመኪና ሪሌ ሁለት ይበቃል። የእያንዳንዱን 30 ቁጥር ከሞተሩ አንድ ሽቦ፣ 87ኤን ከነጌቲቭ፣ 87ን በፊውዝ በኩል ከፖዘቲቭ አገናኙ። አንዱ ሪሌ ሲሠራ ሞተሩ ይቆልፋል፣ ሌላው ሲሠራ ይከፍታል። ሁለቱ በስህተት አብረው ቢሠሩ እንኳ ሾርት አይፈጠርም፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ይቆማል።

የአርዱዪኖ ኡኖ አንድ እግር ከ40 ሚሊ አምፒር በላይ መስጠት የለበትም፤ የሪሌው ጥቅል ግን 150 ገደማ ይስባል። ስለዚህ መሃል ላይ እንደ ዩ.ኤል.ኤን. 2003 ያለ ቺፕ ይግባ፤ የመከላከያ ዳዮዱም በውስጡ አለው። የሽቦ ቀለም አትመኑ፤ እያንዳንዱን በሜትር ለዩ።

አንድ ትልቅ ውሳኔ አለ። የመቆለፊያው ሪሌ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በፎር ሎው ስዊች በኩል አልፎ ይሁን፤ የመክፈቻው ግን በቀጥታ ያግኝ። እንዲህ ከሆነ ኮዳችሁ ቢሳሳትም መኪናው ከፎር ሎው ውጪ አይቆለፍም፤ መክፈት ግን ሁልጊዜ ይቻላል።

ኮዱ

አሮጌ መኪና የፍጥነት ቆጣሪው በኬብል ስለሚዞር የኤሌክትሪክ ምልክት የለውም። ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ አክስል በሚሄደው ዘንግ ላይ አንድ ማግኔት ለጥፉ፤ አጠገቡ የሆል ሴንሰር አስቀምጡ። የጎማው ዙሪያ 2.3 ሜትር፣ ሬሾው 4.10 ቢሆን፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 4 ምት ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ምት ከሌለ መኪናው ቆሟል ማለት ነው? ወይስ የሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሷል? ለኮዱ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዜሮ ነው። በዜሮ የሚያምን ኮድ መኪናው እየሮጠ እያለ ሊቆልፍ ይችላል። ሁለት ሴንሰር አድርጉና ቁጥራቸው ካልተስማማ እምቢ በሉ። መኪናው ከተነሣ ወዲህ ከሁለቱም ምት ካልታየም እንዲሁ።

ቀሪው ቀላል ነው። ሁኔታዎቹ አምስት ናቸው፦ ክፍት፣ በመቆለፍ ላይ፣ ቁልፍ፣ በመክፈት ላይ እና ስህተት። ሞተሩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መጨረሻ ቦታ ካልደረሰ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ፤ ጥርሶቹ ትይዩ ስላልሆኑ ሊሆን ይችላል፣ መኪናውን ትንሽ ማንቀሳቀስ ይፈታዋል። ቁልፍ በተከፈተ ቁጥርም የመጀመሪያው ሥራ ስዊቹን ማንበብ ይሁን፤ ትናንት በሜሞሪ የተጻፈው ዛሬ ብረቱ ያለበትን ቦታ አይነግራችሁም።

«ተቆልፏል» በስምንት ፊደል

ርካሹ ኤች.ዲ. 44780 ስክሪን ግዕዝ ፊደል የለውም፤ ራሳችሁ የምትሥሉት ስምንት ምልክት ብቻ ይይዛል፣ እያንዳንዱም 5 በ 8 ነጥብ ነው። ደግነቱ «ተቆልፏል» እና «ተከፍቷል» የሚፈልጉት ሰባት ፊደል ነው፦ ተ፣ ቆ፣ ል፣ ፏ፣ ከ፣ ፍ፣ ቷ። አንድ ቦታ ይተርፋል። ቆንና ፏን በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሳሏቸው፤ ቦታው ጠባብ ነው።

ስክሪኑ የሚጽፈው የእናንተን ትእዛዝ ሳይሆን ከአክስሉ ስዊች የመጣውን ምላሽ ይሁን። ቁልፉ ስለተጫነ ብቻ «ተቆልፏል» የሚል ስክሪን ሹፌሩን ይዋሸዋል።

ከመንገድ በፊት

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዙ፣ የኋላውን አንሥታችሁ በመደገፊያ አሳርፉ፤ ሞተር ጠፍቶ ማርሽ ይግባ። አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላው በተቃራኒ ከዞረ ክፍት ነው፤ አልዞር ካለ ተቆልፏል። ከዚያ ሴንሰሩን ንቀሉና ለመቆለፍ ሞክሩ፤ ከፎር ሎው አውጡና ሞክሩ፤ ሁለቱንም እምቢ ማለት አለበት። ሞተሩ ለወራት ካልሠራ በእርጥበት ዝጎ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ዝናብ በማይለየው ሲያትል በወር አንድ ጊዜ ቆልፋችሁ ክፈቱት።