ኩካባራ፦ የባሕር ዛፍ ጫካው ሣቂ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን ሲገባ፣ እዚያ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ የሚስቀው ወፍ አብሮት አልመጣም። ስሙ ኩካባራ ነው። ስሙን ያገኘው ከነባሮቹ የዊራጁሪ ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን የወጣለትም ከድምፁ ነው።

ኩካባራ የዓሣ አጥማጅ ወፎች ወገን ነው። ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ራሱ ትልቅ፣ አንገቱ አጭር፣ ምንቃሩ ወፍራም። ራሱና ደረቱ ነጣ ያሉ ናቸው፤ በዓይኑ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ያልፋል። ቡናማ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል።

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ አየር ላይ ቆማ ውኃው ውስጥ የምትወረወረው ጥቁርና ነጭ ወፍ ዘመዱ ናት። እሱ ግን ኑሮው ከዓሣ ይልቅ በየብስ አደን ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሳይንቀሳቀስ ያደባና ነፍሳት፣ እንሽላሊት፣ አይጥ ወይም እባብ ሲያይ ወርዶ አፈፍ ያደርጋል። ተለቅ ያለውን ከቅርንጫፉ ጋር ደጋግሞ አላትሞ ይውጠዋል።

ማለዳና ማታ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምራል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ጫካው በሣቅ ይናጋል። ለሰው ጆሮ ሣቅ ይምሰል እንጂ ለጎረቤት ወፎች የድንበር አዋጅ ነው፦ ይህ ቀዬ ባለቤት አለው!

ባለቤቱም ቤተሰብ ነው። የተጣመሩት ወንድና ሴት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሞት አይለያዩም። ካደጉት ልጆቻቸው ከፊሎቹ እዚያው ቆይተው እንቁላል ይታቀፋሉ፣ ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ። ጎጆው ውስጥ ግን ሕይወት ጨካኝ ናት፤ በተለይ ምግብ ሲያጥር ትልልቆቹ ጫጩቶች ትንሹን ነክሰው የሚገድሉበት ጊዜ አለ።

ጎጆው የዛፍ ፍልፍል ወይም ዛፍ ላይ ያለ የምስጥ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ባሕር ዛፍ ለአጣና ሲደርስ ይቆረጣል። በአገሩ ግን ይህን ያህል ወፍ የሚያስገባ ፍልፍል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ኩካባራ በሚኖርበት ጫካ ያረጀ ዛፍ ማገዶ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ወላጆችና ታላላቆች ጫጩቶችን የሚያሳድጉበት ቤት ነው፤ የንጋቱም ሣቅ የሚሰማው ያ ቤት እስከቆመ ድረስ ነው።